ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ ዶርሙ የማን ነው?

በ2017 ዓ.ም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የቀን ምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ሲያድግ ያላወራ አልነበረም። «22 ብር ድሮስ ምን ይገዛ ነበር?» ያለ አለ፤ «100ውስ የት ይደርሳል?» ያለም አለ። ደግ ነው፤ ባዶ ሆድ አይማርም።

ስለ ዶርሙስ እንዲህ ሲወራ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ተማሪ ካፌ የሚቆየው በቀን ቢበዛ ሁለት ሰዓት ነው። ዶርሙ ውስጥ ግን ይተኛል፣ ያጠናል፣ ልብሱን ያጥባል፣ ይታመማል፣ ከቤት መጥፎ ወሬ ሲሰማ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ያለቅሳል። አራት ዓመት፣ ኢንጂነሪንግ ወይም ሕክምና ከሆነ ደግሞ ከዚያም በላይ የሚኖርበት ቤቱ ነው። ስለዚህ ቤት የምንሰማው ግን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ የመሠረት ድንጋይ ሲጣልና ሪባን ሲቆረጥ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ፣ የሚያንጠባጥበው ቧንቧ፣ የተሰበረው መስኮት፣ ውሃ የማይወርድበት ሽንት ቤት፣ የተማሪው የግል ችግር ይሆናል።

«ዘላቂ የተማሪ መኖሪያ» ሲባል ብዙ ሰው በዓይኑ የሚመጣው ጣሪያው ላይ ሶላር የተደረደረበት፣ ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ተክል የተንጠለጠለበት አዲስ ህንፃ ነው። በእኔ እምነት ግን፣ በተለይ ከፒያሳ እስከ ስድስት ኪሎ ባለው የአዲስ አበባ አሮጌ እምብርት፣ ዘላቂ ዶርም ማለት ከሁሉ በፊት ቆሞ ያለውን መጠገን ነው። «ይጠገንልኝ» ብሎ ለመጠየቅ ቀዳሚው ባለመብት ደግሞ ተማሪው ነው። ለምን? ከፋዩ እሱ ነዋ!

«ነፃ» የሚባለው አልጋ

ዶርም ነፃ ነው የሚል አስተሳሰብ አለ። አይደለም። ከ1996 ዓ.ም ጀምሮ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል። በእኛ አጠራር ኮስት ሼሪንግ። በሥርዓቱ መሠረት ከትምህርቱ ወጪ የተወሰነውን ድርሻ፣ የምግብና የመኝታውን ግን ሙሉውን ተማሪው ይሸከማል። ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየተቆረጠ ይከፍላል። እስኪከፍል ድረስም የብዙው ምሩቅ እጅ ላይ ያለው ቴምፖ ነው፤ ኦርጅናሉ ዕዳው ሲያልቅ ይመጣል።

እንግዲህ ነገሩን በኢኮኖሚክስ ዓይን እንየው። ያ ከላይ ተኝተንበት ሲንቋቋ የሚያድር ተደራራቢ አልጋ በዱቤ የተከራየነው አልጋ ነው። ሂሳቡ የሚመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። ሂሳቡ ውስጥ ግን ውሃ ስንት ቀን እንደጠፋ፣ መስኮቱ ስንት ወር ተሰብሮ እንደቆየ፣ ለአራት ሰው በተሠራ ክፍል ስንት ሰው እንደተኛ አይጻፍም። ሆቴል ውስጥ ቢሆን ሻወሩ ካልሠራ ሪሴፕሽን ወርደን እንጮሃለን። ዶርም ሲሆን ግን «ምን ይደረግ፣ ነፃ አይደል?» ብለን ባልዲ እንገዛለን።

ምግብ ላይ ቢያንስ ምርጫ አለ። ካፌው ያልተስማማው ነን ካፌ ሆኖ ብሩን ተቀብሎ ውጭ ይበላል። ዶርም ላይ ግን እንዲህ ያለ በር የለም። ግቢው ያልበቃው ወይም ያልተመቸው ተማሪ ያለው አማራጭ ከግቢ ወጥቶ ቤት መከራየት ነው። አራት ኪሎ፣ አምስት ኪሎና ስድስት ኪሎ ላለ ተማሪ ደግሞ ይህ አማራጭ ለረጅም ዘመን ስሙ ፒያሳና አካባቢዋ ነበር።

ፒያሳ፣ ሁለተኛው ዶርም

የአገራችን ከፍተኛ ትምህርት የተወለደው እዚሁ አካባቢ ነው። በ1943 ዓ.ም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አራት ኪሎ ሥራ ጀመረ፤ በ1954 ዓ.ም ወደ ዩኒቨርሲቲ አደገ። በ1950 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ አክራ ላይ በተደረገው የነፃ አፍሪካ አገሮች ጉባኤ ለአፍሪካውያን ወጣቶች ነፃ የትምህርት ዕድል ሰጥተው ነበር። በዚያ የመጡት የኬንያ፣ የናይጄሪያና የሌሎች አገሮች ልጆች ከኢትዮጵያውያኑ ጋር አብረው ኖሩ። የኋላውን የተማሪዎች እንቅስቃሴ ያጠኑ ሰዎች ወሬው፣ ክርክሩና ንቃቱ ከክፍል ይልቅ አብሮ ከመኖር እንደመጣ ይናገራሉ። መኝታ ማለት እንቅልፍ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ግቢው ያልበቃው ደግሞ ወደ ሰፈሩ ይወጣ ነበር። የማስተርስ ተማሪው፣ የማታው ተማሪ፣ የግል ኮሌጅ ተማሪው፣ ተመርቆ ሥራ የሚፈልገው ልጅ፣ ሁሉም ከፒያሳ ጓሮ፣ ከአራት ኪሎ ጀርባ፣ ከሽሮ ሜዳ፣ ከፈረንሳይ ክፍል ይፈልጋል። ብዙዎቹ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ከተወረሱ በኋላ የቀበሌ የሆኑ ናቸው። ተከራይዋ እናት ለቀበሌ በጣም ትንሽ ብር ትከፍላለች፤ አንዷን ክፍል ደግሞ ለተማሪ ታከራያለች። ወይም ተማሪው ራሱ ደባል ይፈልጋል፤ ለሁለት፣ ለሦስት ይካፈላሉ።

ያን ኑሮ ላሞግስ አልፈልግም። ሽንት ቤቱ የጋራ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው የጎረቤት ሬዲዮ የሚያሰማ ነው። ግን ሁለት ነገር ነበረው፤ ርካሽ ነው፣ ቅርብ ነው። ኬኔዲ ላይብረሪ አምሽቶ በእግር ቤት መግባት ይቻላል። ታክሲ ወረፋ የለም፣ የትራንስፖርት ብር የለም። ለሴት ተማሪ ደግሞ «ቅርብ» ማለት ምቾት ብቻ ሳይሆን ደኅንነት ነው። በከተማ ፕላን ቋንቋ «ዘላቂ» የሚባለው ነገር ግማሹ ይኸው ነው፤ ሰው ከሚኖርበት ወደሚማርበት በእግሩ መሄድ ሲችል።

ከዚያ 2016 ዓ.ም መጣ። የካቲት ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ፒያሳ ላይ ተመረቀ። በዚያው ሰሞን የኮሪደር ልማቱ ፒያሳንና አራት ኪሎን ይዞ ተነሳ፤ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ዕድሜ ጠገብ ሰፈሮች ፈረሱ። ነዋሪው ወደ ከተማው ዳርቻ ሄደ። መንገዱ ሰፋ፣ መብራቱ ደመቀ፣ የእግረኛ መንገዱም አማረ። ይህን የሚክድ የለም። ልማቱ ጥሩ ነው መጥፎ ነው የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን ላቆየውና አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ ቤቶቹ ሲቆጠሩ የባለቤቱ፣ የቀበሌ ተከራዩ፣ የነጋዴው ስም ይመዘገባል። ደባሉ ተማሪ ግን የትኛውም መዝገብ ላይ የለም። ካሳም፣ ምትክ ቤትም አይመለከተውም። ቤቱ ሲፈርስ የእሱ ክፍልም ፈረሰ፤ ግን ክፍል እንደፈረሰበት ማንም አልቆጠረም።

በዚያው ዓመት የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ተከራይን ለመጠበቅ የታሰበ ነው። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት ይቆይ፣ አከራይ እንዳሻው ኪራይ አይጨምር ይላል። ለቤተሰብ ጥሩ ጋሻ ነው። ለተማሪ ግን ልኩ አልተሰፋም። ተማሪ የሚኖረው በአሥር ወር ነው፤ ክረምት ሲመጣ ወደ አገሩ ይሄዳል። የሚኖረው በደባልነት ነው፤ ውሉ ላይ ስሙ የለም። ስለዚህ ጋሻው አጠገቡ ቆሞ እሱን አይሸፍነውም።

ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲና ከፋይ ተማሪ

በዚህ ላይ ሌላ ለውጥ አለ። አዋጅ ቁጥር 1294/2015 የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎችን መንገድ ከፈተ፤ የመጀመሪያው ራስ ገዝም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። አሁን በመንግሥት ስፖንሰር ከሚማረው ጎን ከራሱ ኪስ የሚከፍል ተማሪ አለ። ዩኒቨርሲቲው ገቢውን ራሱ ማሰብ አለበት። ገቢ የሚያስብ ተቋም ደግሞ ዶርምን በሁለት መንገድ ሊያየው ይችላል፤ እንደ ሸክም ወይም እንደ ሀብት።

እንደ ሸክም ካየው ምን ይሆናል? ጎረቤት እንይ። ካምፓላ የሚገኘው ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ከፋይ ተማሪዎችን በብዛት መቀበል ጀመረ። ግቢ ውስጥ ያለው መኝታ አልበቃም። ዋንዴጌያና ኪኮኒ በሚባሉት ሰፈሮች የግል ሆስቴሎች እንደ አሸን ፈሉ። ገበያው ክፍተቱን ሞላ ማለት ነው። ገበያ ግን የሚሞላው ለሚከፍል ሰው ነው፤ ብር ያለው ልጅ ጥሩ ክፍል አገኘ፣ የሌለው ተጨናነቀ ወይም ራቀ።

ኬፕ ታውን ደግሞ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 ተማሪዎች መኝታ በማጣታቸው ዩኒቨርሲቲው ግቢ መሀል የቆርቆሮ ጎጆ ቀልሰው ተቃወሙ። ነገሩ በግጭትና በእሳት አለቀ። የመኝታ ጉዳይ ትንሽ ጉዳይ የሚመስለው እዚያ ደረጃ እስኪደርስ ድረስ ነው።

እኛ ጋ ያለው አደጋ የራሱ መልክ አለው። ውጭ ያለው ርካሽ ክፍል ቀነሰ። ውስጥ ያለው ዶርም ካልተጠገነ እያረጀ ይሄዳል። በሁለቱ መሀል የሚጠፋው ከጎጃም፣ ከአርሲ፣ ከወላይታ፣ ከወሎ አዲስ አበባ የሚደርሰው፣ ከተማው ውስጥ አክስት እንኳ የሌለው የገበሬ ልጅ ነው። አልጋ ካላገኘ የመግቢያ ፈተና ማለፉ ምን ዋጋ አለው?

አዲስ ከመሥራት በፊት

«እንግዲያው አዲስ ዶርም ይሠራ!» የሚል ይኖራል። ይሠራ። ግን ሂሳቡን አብረን እንሥራ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ የግንባታ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ሌላ ነው። አዲስ ህንፃ ማለት ብረት፣ ሊፍት፣ ኬብል፣ የሽንት ቤት ዕቃ ማለት ነው። ጥገናም ዕቃ ይፈልጋል፤ ግን ቧንቧ መቀየርና ፎቅ ማቆም አይወዳደሩም። ቆሞ ያለው ህንፃ ሲሚንቶው ተቃጥሎ፣ ጭሱ ወጥቶ፣ ብሩ ወጥቶ ያለቀ ነው። እሱን አስረጅቶ ጥሎ ሌላ መሥራት ኪስንም አየሩንም ሁለቴ ማስከፈል ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉ የለ?

ችግሩ የበጀት አሠራራችን ጥገናን አይወድም። ካፒታል በጀት አለ፣ መደበኛ በጀት አለ። ግንባታ ካፒታል ነው፤ ፕሮጀክት አለው፣ ኮንትራክተር አለው፣ ሪባን አለው። ጥገና ግን መደበኛ በጀት ውስጥ ከወረቀትና ከነዳጅ ጋር ተሰልፎ ወረፋ ይጠብቃል፤ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቆረጠውም እሱ ነው። አንድ ባለሥልጣን ሁለት መቶ ቧንቧ አስጠግኖ ቴሌቪዥን ላይ ሲቀርብ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ኢኮኖሚስቶች የህንፃ «የዕድሜ ልክ ወጪ» የሚሉት ነገር አለ። ስሙ የእስር ቅጣት ይመስላል እንጂ ሐሳቡ ቀላል ነው። እንበል፣ አንድ ህንፃ በ100 ብር ተሠራ፤ 50 ዓመት እንዲያገለግል በየዓመቱ 2 ብር ጥገና ይፈልጋል። እውነተኛ ዋጋው 100 ሳይሆን 200 ብር ነው። እኛ ግን 100ውን በጭብጨባ እናወጣለን፤ 2ቷን እንነፍጋለን። ከዚያ ህንፃው በ20 ዓመቱ ያረጅና እንደገና 100 ብር እንፈልጋለን። ይህ ቁጠባ አይደለም፤ በጣም ውድ ብክነት ነው።

ቧንቧ፣ ዝናብና ፀሐይ

ነገሩን ከወረቀት ላውርደው። የተማርኩበትን ግቢ ስም ይቆየንና፣ እኛ ፎቅ ላይ አንዱ የሽንት ቤት ሲፎን አንድ ሙሉ ሴሚስተር ሲፈስ ከረመ። ለፕሮክተሩ ነገርነው፣ እሱም ጻፈ፤ ወረቀቱ የት እንደደረሰ አይታወቅም። ማታ ማታ ውሃ ሲጠፋ ያ ሲፎን ብቻ ጸጥ ይላል። ሲመጣ ደግሞ ከሁላችንም ቀድሞ የሚጠጣው እሱ ነው።

ሂሳቡ ይህን ይመስላል። በደቂቃ ግማሽ ሊትር ብቻ የሚያፈስ ሲፎን በቀን 720 ሊትር ይጨርሳል። እንዲህ ያለ 20 ሲፎን ያለበት ብሎክ በቀን 14,400 ሊትር፣ ማለትም 720 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ መሬት ውስጥ ይከታል። ከታች ደግሞ ያው ብሎክ ተማሪ ጀሪካን ይዞ ተሰልፏል። ይህን ለማቆም የሚያስፈልገው አንድ የቧንቧ ሠራተኛ፣ ጎሚኒና ተንሳፋፊ ነው። «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ሰው ስለ አረንጓዴ ህንፃ ሲያወራ መጀመሪያ የሚያነሳው የዝናብ ውሃ ማጠራቀም ነው። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። ግን መቼ? አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ መደበኛው ተማሪ ወደ ቤቱ በሚሄድበት ወቅት። በክረምት ፕሮግራም የሚመጡ መምህራን ይጠቀሙበት ይሆናል፤ ለጥርና ለየካቲት እንዲተርፍ ግን ግዙፍ ታንከር ይጠይቃል።

ፀሐይ ደግሞ ተቃራኒው ናት። ከጥቅምት እስከ ግንቦት፣ ዶርሙ ጢም ብሎ በሚሞላበት ጊዜ፣ ሰማዩ አብዛኛውን ጊዜ ጥርት ያለ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። የኅዳር ጠዋት ውሃው አጥንት ይሰብራል፤ ቀን ላይ ግን ፀሐይዋ ታቃጥላለች። ለአንድ ሰው ገላ መታጠቢያ 40 ሊትር ውሃ በኤሌክትሪክ ለማሞቅ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል። 400 ተማሪ ቢታጠብ 400 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከ2017 ዓ.ም ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ መሆኑን አትርሱ። ቪላ ቤቶች ጣሪያ ላይ የምናያት፣ ከላይ በርሜል የተጋደመባት የፀሐይ ማሞቂያ ግን ካንዴ በኋላ ለማሞቂያው ክፍያ አትጠይቅም።

ዝናቡ ተማሪ በሌለበት ይዘንባል፤ ፀሐዩ ተማሪ ባለበት ይወጣል። ይህን ከውጭ የመጣ ማኑዋል አይነግረንም፤ የራሳችን የትምህርት ካሌንደር ይነግረናል። ስለዚህ ቅደም ተከተሌ ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ የሚፈሰውን መድፈን፣ ቀጥሎ ፀሐይን ለሙቅ ውሃ መጠቀም፣ ከዚያ ዝናቡ።

እውቀቱ ግቢ ውስጥ አለ

አንዳንዱ ሰው «ይህ ሁሉ ለእኛ ቅንጦት ነው» ይላል። እስቲ ልደታ ሂዱ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአርክቴክቸር፣ የህንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት እዚያ ነው። ጥንቱ በ1940ዎቹ ከስዊድን ጋር በትብብር የተቋቋመው የህንፃ ኮሌጅ ነው። በ2003 ዓ.ም አካባቢ ኢንስቲትዩቱ ዙሪክ ከሚገኘው ኢቲኤች ጋር ሆኖ ግቢው ውስጥ «ሱዱ» የሚባል ባለ ሁለት ወለል የሙከራ ቤት ሠርቷል። ግድግዳው ተጠቅጥቆ የጠነከረ አፈር ነው፤ ወለሉና ጣሪያው ብረት ሳይገባበት በስስ የአፈር ንጣፎች እንደ ቅስት የተዘረጋ ነው። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ ውድ ሲሚንቶና ከውጭ የሚመጣ ብረት ሳናበዛ በእግራችን ሥር ባለው አፈር፣ በእጃችን ባለው ጉልበት ደህና ቤት መሥራት እንችላለን።

አምስት ፎቅ ዶርም በአፈር ይሠራ አልልም። የምለው፣ ዩኒቨርሲቲው ራሱ እንዲህ የሚያስቡ አርክቴክቶችን እያስተማረ ካምፓሶቻችን ላይ የሚቆሙት ህንፃዎች ያው ኮንክሪትና መስታወት ናቸው። የአርክቴክቸር ተማሪ የመመረቂያ ፕሮጀክቱን ምናባዊ ሪዞርት ላይ ከሚሠራ የሚተኛበትን ብሎክ እንዴት እንደሚጠግን ለምን አይሠራም? የኢንጂነሪንግ ተማሪው የውሃውን ፍሰት ይለካ፣ የኢኮኖሚክስ ተማሪው ወጪውን ያስላ።

አሮጌን አድሶ መጠቀም ለዚህ ሰፈርም አዲስ አይደለም። ስድስት ኪሎ ያለው ዋናው ግቢ ራሱ ምን ነበር? ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት። ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ንጉሡ ግቢውን ለትምህርት ሰጡ። ዛሬ ቤተ መንግሥቱ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምና ሙዚየም ነው። ፒያሳ ያለው ጣይቱ ሆቴልም በ1898 ዓ.ም ተመሥርቶ፣ በ2007 ዓ.ም እሳት ደርሶበት፣ ተጠግኖ እንግዳ ማሳደሩን ቀጥሏል። መቶ ዓመት የሚያልፍ ማደሪያ እዚሁ አለ ማለት ነው። ምስጢሩ እየጠገኑ መኖር ብቻ ነው።

«ተማሪው ራሱ ነው የሚሰብረው»

ይህ ክርክር ሁልጊዜ ይመጣል፤ ሐሰት ነው አልልም። መቀያየሪያ የሚነቅል አለ፣ አምፖል ፈትቶ ወደ ክፍሉ የሚወስድ አለ፣ ቧንቧ ከፍቶ ትቶ የሚሄድ አለ። ግን ለምን ብለን እንጠይቅ። ውሃው ቢፈስም ባይፈስም ለእሱ ምንም አይቀየርም። ቢቆጥብ አያተርፍም፣ ቢያባክን አይከስርም። የማንም ያልሆነ ነገር እንዲህ ነው የሚበላሸው፤ የጸባይ ጉዳይ ከመሆኑ በፊት የሥርዓት ጉዳይ ነው።

መድኃኒቱም ስብከት አይደለም። ለየብሎኩ የራሱ የውሃና የመብራት ቆጣሪ ይኑር። በየወሩ የፈጀው በር ላይ ይለጠፍ። የቆጠበው ብሎክ ካተረፈው ገንዘብ ግማሹ ለዚያው ብሎክ ይመለስ፤ ፍራሽ ይግዛበት፣ የንባብ ክፍል መብራት ይቀይርበት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

እንግዲህ ምን እንጠይቅ?

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ለዶርም ጥገና የማይነካ፣ ለሌላ የማይዛወር የራሱ ሂሳብ ይኑረው። በኮስት ሼሪንግ «መኝታ» ተብሎ ከሚታሰብብን ላይ የተወሰነው እዚያ ይግባ፤ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ የሚለው በዓመት አንዴ ለተማሪ ይፋ ይሁን። ራስ ገዝ የሆነ ተቋም ይህን ለመጀመር የማንንም ፈቃድ መጠበቅ የለበትም።

ሁለተኛ፣ ዶርምን በሚመለከት ኮሚቴ ውስጥ ተማሪዎች፣ በተለይም ሴት ተማሪዎች፣ በድምፅ ይግቡ። የትኛው መብራት እንደጠፋ፣ የትኛው ኮሪደር ማታ እንደሚያስፈራ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ መሐንዲስ የለም።

ሦስተኛ፣ ከተማ አስተዳደሩ ፒያሳና አራት ኪሎ ላይ የፈረሰውን ቦታ ሲያለማ ለተማሪ የሚሆን ትንንሽ ክፍል በፕላኑ ውስጥ ያስገባ። ሱቅና ቢሮ ብቻ የሆነ መሀል ከተማ ማታ ባዶ ነው። ተማሪ ያለበት ሰፈር ግን ማታም ሻይ ይሸጣል፣ ፎቶ ኮፒ ይሠራል፣ መጽሐፍ ይገዛል። ተማሪውን ዳርቻ ወስዶ በየቀኑ በአውቶቡስ ማመላለስ ለማንም አያዋጣም። የኪራይ አዋጁን የሚያስፈጽሙትም ለደባልና ለአሥር ወር ተከራይ የሚሆን የውል ዓይነት ያስቡ።

ለእናንተ ደግሞ፣ ይህን በስልካችሁ ለምታነቡት። ካሜራው እጃችሁ ላይ ነው። የሚፈሰውን ቧንቧ ለቲክቶክ ሳቅ ብቻ አትቅረጹት። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ስሩ አስቀምጡ፣ በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ለኩ፣ ቀኑንና ብሎኩን ጽፋችሁ ለተማሪዎች ኅብረትም ለዲኑም ላኩ። በወሩ እንደገና ለክታችሁ ላኩ። «ውሃ የለም» የሚል ምሬት በቀላሉ ይታለፋል፤ «ብሎካችን በቀን 14,400 ሊትር ያፈሳል» የሚል ቁጥር ግን መልስ ይጠይቃል።

እናንተ ስትወጡ ያ አልጋ ባዶ አይሆንም። በሚቀጥለው ዓመት ከሩቅ አገር ሻንጣውን ይዞ የሚመጣ ፍሬሽ ይተኛበታል፤ እሱም እንደ እናንተ ይከፍልበታል። ቢያንስ ውሃ የሚወርድበት ሽንት ቤት ይጠብቀው።